የዕለት እንጀራውን ከእግዚአብሔር የጠበቀ ሰው፤ የጆርጅ ሙለር አጭር የሕይወት ታሪክ

በአገራችን ሰው ከሰው ሲገናኝ አስቀድሞ የሚጠያየቀው ስለ ጤናና ስለ ደኅንነት ነው። ለዚህ ጥያቄ ባለጠጋውም ድኻውም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ይህን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምንናገረው ቈጥሮ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ጎተራው የሞላለት ሰው ይመስገን ሲልና ለራት የሚሆን ዱቄት በቤቱ የሌለው ሰው ይመስገን ሲል ቃሉ አንድ ቢሆንም ክብደቱ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው የሚያመሰግነው ስለ ተቀበለው ነገር ነው፤ ሁለተኛው ግን ገና ስላልተቀበለውም ጭምር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን ባጭሩ የማቀርብላችሁ ሰው ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ምስጋና ከ60 ዓመት በላይ ሲያመሰግን የኖረ ነው። ስሙ ጆርጅ ሙለር ይባላል። በዘመኑ ከ10,000 በላይ እናትና አባት የሞቱባቸውን ልጆች ተቀብሎ አሳድጓል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ርስት አልነበረውም፤ ከመንግሥት ድጎማ አልተቀበለም፤ ከሰውም ገንዘብ ስጡኝ ብሎ አልለመነም፤ ለሥራውም አልተበደረም። የሚያስፈልገውን ሁሉ ለእግዚአብሔር ብቻ ይነግር ነበር። አንባቢዎቼ እንዳይሳሳቱ አስቀድሜ የማስታውሰው፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ነው።

ጆርጅ ሙለር የተወለደው ሴፕቴምበር 27 ቀን 1805 ዓ.ም. በፕሩሲያ መንግሥት፣ ዛሬ የጀርመን አገር በሆነው ምድር፣ ክሮፐንሽቴት በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ የመንግሥት ቀረጥ ሰብሳቢ ነበረ። የብዙ ደጋግ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ደጋግ እንደ ነበሩ ይነገራል፤ የሙለር ታሪክ ግን እንዲህ አይደለም። ገና 10 ዓመት ሳይሞላው አባቱ ከሰበሰበው የመንግሥት ገንዘብ ይሰርቅ ነበር። አባቱም ጠርጥሮ ገንዘቡን ቈጥሮ ልጁ ባለበት ክፍል አስቀመጠና ወጣ። ተመልሶ ቢቈጥረው ጐድሏል፤ ልጁ ሲፈተሽም ገንዘቡ በጫማው ውስጥ ከእግሩ ሥር ተገኘ። ተቀጣ፤ ነገር ግን ከቅጣቱ የተማረው አለመስረቅን ሳይሆን ይበልጥ ተጠንቅቆ መስረቅን ነበረ።

እናቱ በ1820 ስትሞት ሙለር የ14 ዓመት ልጅ ነበረ። እርስዋ በሞተችበት ሌሊት እርሱ ከጓደኞቹ ጋር ካርታ ሲጫወትና ሲጠጣ አደረ። በ16 ዓመቱም በሆቴሎች እየበላና እየተኛ ሒሳብ ሳይከፍል ለማምለጥ ሲሞክር ቮልፈንቡተል በምትባል ከተማ ተይዞ ታሰረ። ከዲሴምበር 1821 እስከ ጃንዋሪ 1822 ድረስ በወህኒ ቤት ቈይቶ፣ አባቱ ዕዳውን ከፍሎ አስፈታው። እንግዲህ በኋላ ዘመን ብዙ ገንዘብ በእጁ ሲያልፍ አንዲት ሳንቲም እንኳ ያልጐደለበት ሰው የልጅነት መዝገቡ ይህ ነው። ይህን የጻፍሁት ለማዋረድ አይደለም። ሰው እንደ ተወለደ እንደማይቀርና ፈጣሪው ሊለውጠው እንደሚችል እንድናስተውል ብዬ ነው።

አባቱ ልጁ ቄስ ሆኖ ጥሩ መተዳደሪያ እንዲያገኝ ስለ ፈለገ ሙለር በ1825 በሃለ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሃይማኖት ትምህርት ጀመረ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር አንድ ጓደኛው በአንድ ነጋዴ ቤት ወደሚደረግ የጸሎት ስብሰባ ወሰደው። በዚያም አንድ ሰው ተንበርክኮ ሲጸልይ አየ። ለእኛ አገር ሰው መንበርከክና መስገድ ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ለሙለር ግን አዲስ ነገር ነበረ። የሃይማኖት ተማሪ ሆኖ ሳለ ሰው በጕልበቱ ተንበርክኮ ሲጸልይ አይቶ አያውቅም ነበር። ያን ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ልቡ በደስታ ተሞልቶ ነበር፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ኑሮው ተለወጠ።

ሙለር ወንጌል ሰባኪ ለመሆን እንደሚፈልግ ለአባቱ ቢነግረው አባቱ እጅግ ተቈጣ። ልጁም አባቱ ያልወደደውን መንገድ እየተከተለ በአባቱ ገንዘብ መማር ትክክል አይደለም ብሎ ገንዘቡን መቀበል ተወ። ጥቂት ቈይቶም ከአሜሪካ የመጡ መምህራን የጀርመንኛ ቋንቋ የሚያስተምራቸው ሰው ፈለጉ። አንድ ፕሮፌሰር ሙለርን አገናኛቸው፤ የከፈሉትም ለትምህርቱ ወጪ በቃው። እንጀራው ከሰማይ ተጥሎ ሳይሆን በማስተማር ሥራ በኩል እንደ መጣለት ልብ ማለት ይገባል። በዚሁ በሃለ ከተማ አውጉስት ኸርማን ፍራንከ የተባለ መምህር ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ያቋቋመው ትልቅ የሙት ልጆች ቤት ነበረ። ሙለር ለድኻ ተማሪዎች በተዘጋጀው በዚያ ቤት ጥቂት ወራት ተቀምጧል። ይህ ነገር በኋላ ትልቅ ፍሬ አፈራ።

በ1829 ሙለር ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። በለንደን ብዙ ሳይቈይ ታመመ፤ ጤናውን ለማግኘትም በባሕር ዳር ወዳለችው ቴንመዝ ወደምትባል ከተማ ተላከ። በዚያም በትንሽ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆነ፤ በኦክቶበር 1830ም ሜሪ ግሮቭስ የተባለችውን ወይዘሪት አገባ። ወንድምዋ አንተኒ ኖሪስ ግሮቭስ የጥርስ ሐኪምነት ሥራውን ትቶ ለወንጌል አገልግሎት ወደ ባግዳድ የሄደ ሰው ነበረ።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ምእመናን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚቀመጡበትን ቦታ ይከራዩ ነበር። የአገልጋዩም ደመወዝ የሚከፈለው ከዚህ ኪራይ ነበረ። ከፍ ያለ የሚከፍል ከፊት ይቀመጣል፤ ድኻ ከኋላ ይቀራል። ሙለር ይህ ነገር ልክ እንዳልሆነ ስላመነ ኪራዩንም የቍርጥ ደመወዙንም ተወ። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሣጥን አኖረና ለመስጠት የወደደ ሁሉ ማንም ሳያየው እንዲሰጥ አደረገ። ወጣቶቹ ባልና ሚስት ከዚያ ቀን ጀምሮ ችግራቸውን ለሰው ላለመንገር ተስማሙ። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ በቤታቸው የቀረው ገንዘብ 8 ሺሊንግ ያህል ብቻ ሆነ። በጥዋት አብረው ጸለዩ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሙለር ወደ ሌላ መንደር ሲሄድ አንዲት ሴት ገንዘብ ያስፈልገው እንደ ሆነ ጠየቀችው። እርሱም ስላለበት ሁኔታ ምንም ሊነግራት አልፈቀደም፤ ችግሩን ለእግዚአብሔር ብቻ ሊናገር መወሰኑን አስታወሳት። እርስዋ ግን ልቧ አላስቀመጣትምና ከ2 ፓውንድ የሚበልጥ ገንዘብ ሰጠችው። አዲሱ ኑሮ በዚህ ዓይነት ተጀመረ።

በ1832 ሙለርና የልብ ወዳጁ ሄንሪ ክሬክ ወደ ብሪስቶል ከተማ ተዛወሩ። ብሪስቶል የመርከብ ወደብና የንግድ ከተማ ነበረች፤ ነገር ግን ከሀብትዋ አጠገብ ብዙ ድኽነት ነበረ። በዚያው ዓመት የኮሌራ በሽታ ገብቶ ብዙ ሰው ስለ ፈጀ ሙት ልጆች በየመንገዱ ታዩ። የመንግሥት የድኾች ቤቶች ነበሩ፤ ኑሯቸው ግን እጅግ የከፋ ነበረ። ሌሎች የሙት ልጆች ቤቶች ደግሞ ልጅ የሚቀበሉት ገንዘብ የሚያዋጡ ሰዎች ድምፅ ሰጥተው ሲመርጡት ነበረ። ትልቅ ሰው የማያውቅ ልጅ በሩ ተዘግቶበት ይቀር ነበር።

ሙለር የፍራንከን የሕይወት ታሪክ በ1835 እንደገና ሲያነብ በሃለ ያየው ቤት ትዝ አለው። በዲሴምበር ወርም መዝሙረ ዳዊትን ሲያነብ፣ እግዚአብሔር ሕዝቡን አፋቸውን በሰፊው እንዲከፍቱና እርሱ እንደሚሞላው ተስፋ የሰጠበት ቦታ ላይ ደረሰ። የእኛም አባቶች እግዚአብሔር የከፈተውን ጕሮሮ ሳይዘጋው አያድርም ሲሉ የተናገሩት ይህንኑ ይመስለኛል። ሙለር በዚህ ቃል ተደግፎ አንድ ቤት፣ 1,000 ፓውንድና ልጆችን የሚያሳድጉ ታማኝ ሰዎች እንዲሰጠው ጸለየ። ዓላማው ልጆችን ማሳደግ ብቻ አልነበረም። በዕለት ኑሯቸው የሚጨነቁ ድኾች እግዚአብሔር ዛሬም እንደሚሰማ በዓይናቸው የሚያዩት ማስረጃ እንዲሆን ይመኝ ነበር።

ከመጀመሪያዎቹ ለጋሾች አንዲቱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። እርስዋ በመርፌ ሥራ የምትተዳደር፣ ጤናዋም ደካማ የሆነች ድኻ ሴት ነበረች። በሳምንት የምታገኘው ከ3 ሺሊንግ ተኩል የማይበልጥ ሲሆን፣ ከቤተ ሰብዋ 480 ፓውንድ ያህል ውርስ ደረሳት። አባትዋ ዕዳ ትቶ ስለ ሞተ ወንድሞችዋና እኅቶችዋ ለባለዕዳዎቹ ከአንድ ፓውንድ ሩቡን ብቻ ከፍለው ተስማምተው ነበር፤ እርስዋ ግን የቀረውን በስውር ከፈለች። ለእናትዋም 100 ፓውንድ ሰጠች። ከዚያም ለሙት ልጆቹ ቤት 100 ፓውንድ ይዛ መጣች። ሙለር ገንዘቡን አይቶ ዝም ብሎ አልተቀበለም፤ በስሜት ተቻኵላ እንደ ሆነ ብሎ አሳቧን እንድትመረምር ለመናት። እርስዋ ግን አስባ የወሰነች ነበረችና ሳታወላውል ሰጠች። እኔ ሒሳቡን ሳወጣው 100 ፓውንድ ለዚህች ሴት ከ10 ዓመት በላይ በመርፌ ሥራ የምታገኘው ገንዘብ ነው። የ10 ዓመት የመርፌ ሥራ በአንድ ቀን ሰጠች ማለት ነው።

ሁሉም ነገር ሲዘጋጅ ሙለር ልጆች የሚመዘገቡበትን ቀን በፌብርዋሪ 1836 ወሰነ። ቀኑ ደረሰ፤ ነገር ግን አንድም አመልካች አልመጣም። ያን ጊዜ ሙለር አንድ ነገር ትዝ አለው። ስለ ቤት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሠራተኞችና ስለ ዕቃ ሁሉ ጸልዮ ነበር፤ ልጆች እንዲመጡ ግን አልጸለየም ነበር። ይህ ለምን ይጸለይበታል፣ ሙት ልጅ መች ይጠፋል ብሎ አስቦ ነበር። ያን ማታ በግንባሩ ተደፍቶ ለረጅም ጊዜ ጸለየ። በማግሥቱ የመጀመሪያው ማመልከቻ መጣ፤ በአንድ ወር ውስጥም ከ40 በላይ ሆነ። አፕሪል 11 ቀን 1836 ዓ.ም. በዊልሰን መንገድ ራሱ ይኖርበት የነበረው ኪራይ ቤት ለሴቶች ልጆች ተከፈተ። በጥቂት ዓመታትም በዚያው መንገድ አራት ቤቶች ሆኑ።

ከ1838 ጀምሮ ግን ብርቱ የፈተና ዘመን መጣ። በጥዋት ለቍርስ የሚሆን አለ፤ ለምሳ የሚሆን የለም። ምሳ ይገኛል፤ ለራት የሚሆን የለም። ሙለርና ሠራተኞቹ በየቀኑ ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር፤ ሠራተኞቹም ከራሳቸው ኪስ ያላቸውን ያወጡ ነበር። ነገሩን ከቤቱ ውጭ ለማንም አይናገሩም። በዱቤ መግዛትም ተከለከለ። ዳቦና ወተት በየሳምንቱ መጨረሻ ይከፈልበት የነበረው ልማድ እንኳ ተቋርጦ፣ ሁሉ ነገር በዕለቱ በእጅ ባለው ገንዘብ ብቻ እንዲገዛ ተደረገ። ሕፃናቱ ግን ከእነዚህ ጭንቀቶች አንዱንም አያውቁም ነበር። በሰዓቱ ይቀመጣሉ፤ ያመሰግናሉ፤ ይበላሉ።

በኋላ ዘመን ስለ ሙለር ከሚነገሩት ታሪኮች በጣም የታወቀው እንዲህ ነው። አንድ ጥዋት በማዕድ ላይ ባዶ ሳሕንና ባዶ ኩባያ ብቻ ሳለ፣ ልጆቹ ቆመው ሙለር ስለሚመጣው ምግብ ምስጋና አደረሰ። ወዲያው ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ዳቦ ሲጋግር ያደረ ዳቦ ጋጋሪ በሩን መታ፤ ቀጥሎም ጋሪው በደጁ የተሰበረበት ወተት ሻጭ ወተቱን ሰጣቸው ይባላል። ይህ ታሪክ ደስ ያሰኛል። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ሙለር ራሱ በቀን መዝገቡ የጻፈው አንድ ትንሽ ነገር ነው።

ቀኑ ሴፕቴምበር 18፣ 1838 ነው። ገንዘቡ አልቆ ሁሉም ተጨንቀው ሳለ ከለንደን አካባቢ የመጣች አንዲት ሴት ልጅዋ የላከችላቸውን 3 ፓውንድ ከጥቂት ሺሊንግ ጋር አመጣች። ለዚያ ቀን በቃ። ነገር ግን ሙለር ሲጠይቅ፣ ሴቲቱ ወደ ብሪስቶል ከመጣች አራት አምስት ቀን ሆኗታል፤ ያረፈችውም ከወንዶቹ ልጆች ቤት ጎን ባለው ቤት ነበረ። እነርሱ እየተጨነቁ በሚጸልዩበት ጊዜ ሁሉ መልሱ በአንድ ግድግዳ ማዶ፣ በአንዲት ሴት ቦርሳ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሙለር ይህን ባወቀ ጊዜ አልተቈጣም፤ ከመጀመሪያውም እግዚአብሔር ሊረዳቸው አስቦ እንደ ነበረ ተረድቶ በታላቅ ድምፅ አመሰገነ። የዚህን ነገር ትርጕም በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

በዚያ ዘመን አንዳንድ ሰዎች ሙለርን አይለምንም ይባላል እንጂ በየዓመቱ የሚያሳትመው የሥራ መግለጫ ራሱ ልመና ነው እያሉ ይነቅፉት ነበር። ነቀፋው ከንቱ ነው ለማለት አይቻልም፤ መግለጫውን አንብበው የሰጡ ብዙዎች ነበሩና። ሙለር ግን በ1841 መጨረሻ፣ ገንዘብ እጅግ ባነሰበትና መግለጫው በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ሕዝባዊ ስብሰባውንና መግለጫውን ሆነ ብሎ አዘገየ። ችግራችንን በዚህ ስም እንዳንናገር ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ከሁሉ የከበዱ ሆኑ፤ ሆኖም ልጆቹ ሳይበሉ አላደሩም።

በ1845 የዊልሰን መንገድ ጎረቤቶች በልጆቹ ጩኸት መቸገራቸውን ገለጡ። ሙለርም አቤቱታው ትክክል መሆኑን አምኖ ከከተማው ዳር ሌላ ቤት ለመሥራት አሰበ። አሽሊ ዳውን በተባለው ኮረብታ ላይ 7 ኤከር የሚያህል መሬት አገኘ። ባለቤቱን ፍለጋ ሁለት ጊዜ ሄዶ አጣው። በማግሥቱ ሲገናኙ ባለመሬቱ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ ስለ መሬቱ ሲያስብ ማደሩን ነገረው፤ ለአንድ ኤከር ይጠይቅ የነበረውን 200 ፓውንድም ወደ 120 ዝቅ አደረገለት። ሙለር ለግንቡ የሚበቃው ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ አንድ ድንጋይ አላስቀመጠም። የመጀመሪያው ቤት በጁን 1849 ለ300 ልጆች ተከፈተ። በ1857፣ በ1862፣ በ1868ና በ1870 ሌሎች አራት ቤቶች ተጨመሩ። አምስቱ ቤቶች በአንድ ጊዜ 2,050 ልጆች የሚይዙ ሲሆኑ፣ የተሠሩበት ገንዘብ ከ100,000 ፓውንድ በላይ ነበረ።

በ1857 በኖቬምበር መጨረሻ የመጀመሪያውን ቤት የሚያሞቀው የውሃ ማፍያ ጋን ቀዳዳ አበጀ። ለመጠገን እሳቱ መጥፋት ነበረበት። ቀኑ ከተቈረጠ በኋላ ብርቱ የሰሜን ነፋስ መንፈስ ጀመረ። ሙለር ሁለት ነገር ለመነ፤ ነፋሱ ወደ ደቡብ እንዲዞርና ሠራተኞቹ ለሥራ የተነሣሣ ልብ እንዲያገኙ። እስከ ዋዜማው ማታ ድረስ ሰሜኑ ነፋስ አልቆመም። በቀኑ ግን የደቡብ ነፋስ ነፈሰ፤ እሳት ሳያስፈልግም ቤቱ አልበረደም። ሠራተኞቹም ወደ ቤታቸው ከመሄድ ይልቅ ሌሊቱን ሁሉ ሊሠሩ ራሳቸው ፈቀዱ። ሙለር የጸለየው ስለ ነፋሱ ብቻ ሳይሆን ስለ ሠራተኞቹ ትጋትም እንደ ነበረ አንርሳ። ጋኑን የጠገነው የሰው እጅ ነውና።

ማንም ሰው ይህን አንብቦ እምነት ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው ብሎ እንዳያስብ። ሙለር የተቀበለውን እያንዳንዱን ስጦታ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ በመዝገብ ይጽፍ ነበር። ለሰጪው ቍጥር ያለው ደረሰኝ ይሰጣል፤ ሰጪውም በዓመቱ መጨረሻ በታተመው መግለጫ ውስጥ የራሱን ስጦታ ፈልጎ ማግኘት ይችላል። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ መዝገብ የሒሳብ መዝገብ ብቻ አልነበረም፤ የምስጋና መዝገብም ነበረ። አንድ ፔኒ ሳይጽፍ የማያልፍ ሰው አንድ ፔኒ ሳያመሰግን የማያልፍ ሰው ነው። በትምህርት ረገድም ወንዶቹን እስከ 14፣ ሴቶቹን እስከ 17 ዓመት እያስተማረ ሙያ ወይም ሥራ ሳያገኝላቸው አያሰናብታቸውም ነበር። ድኾችን ከደረጃቸው በላይ ታስተምራለህ ብለው የከሰሱትም ነበሩ፤ እርሱ ግን አልተመለሰም።

ለሙለር ሁሉ ነገር እንደ ጸለየው ሆነለት ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ትንሹ ልጁ ኤልያስ በ1835 ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሚስቱ ሜሪም ከ39 ዓመት ትዳር በኋላ በፌብርዋሪ 1870 አረፈች። በማግሥቱ ማታ ሙለር እንደ ልማዱ ወደ ጸሎት ስብሰባ ሄደ፤ እርስዋን ስለ ወሰደበት ሳያጕረመርም፣ ይህን ያህል ዘመን ስለ ሰጠው ሌሎቹ አብረውት እንዲያመሰግኑ ጠየቀ። በቀብርዋም ቀን ራሱ ሰበከ።

ከ1875 እስከ 1892 ድረስ፣ ከ70 ዓመቱ በኋላ፣ ወንጌል እየሰበከ 42 አገሮችን ዞረ። ማርች 9 ቀን 1898 ዓ.ም. ማታ እንደ ወትሮው ጸሎት መራ፤ በማግሥቱ ጥዋት በመኝታ ክፍሉ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 92 ዓመት ነበረ። በቀብሩ ቀን የብሪስቶል ሰው ሥራውን ትቶ በየመንገዱ ቆመ። በዘመኑ ለሥራው የተቀበለው ገንዘብ አንድ ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ ያህል ሲሆን፣ በሞተ ጊዜ የተገኘው የራሱ ሀብት ከነቤት ዕቃውና ከነመጻሕፍቱ 160 ፓውንድ ገደማ ብቻ ነበረ። ለግሉ ከተሰጠውም አብዛኛውን ለሌሎች ሰጥቶት ነበር። ትልልቆቹ ቤቶች በ1958 ተሸጠው ለትምህርት ሥራ ውለዋል።

አሁን ቀደም ሲል ወዳቈየሁት ነገር ልመለስ። በዓለም ላይ ጸልየው ሳያገኙ በረኀብ የሞቱ ብዙ ሰዎች አሉ። አገራችንም ይህን ኀዘን ታውቀዋለች። ታዲያ እግዚአብሔር ሙለርን ሰምቶ እነዚያን አልሰማም ልንል ነውን? እኔ ይህን ትልቅ ጥያቄ ለመመለስ ዕውቀቱ የለኝም። ነገር ግን ያቺ በጎረቤት ቤት ገንዘቡን ይዛ አራት አምስት ቀን የቈየች ሴት ከአሳቤ አትጠፋም። በሙለር ታሪክ ውስጥ ምግብ ከሰማይ የዘነበበት አንድም ቀን የለም። ሁልጊዜ በሰው እጅ መጣ፤ በመርፌ ሠሪዋ እጅ፣ በባለመሬቱ እጅ፣ በሠራተኞቹ እጅ። እንግዲህ የተራበ ሰው ጸሎት መልስ ሲዘገይ፣ መልሱ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ያ ኪስ የእኔ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በአቡነ ዘበሰማያት ጸሎታችን የምንለምነው የዓመት ቀለብ ሳይሆን የዕለት እንጀራ ነው፤ የምንለምነውም ለእኔ ብለን ሳይሆን ለእኛ ብለን ነው። በማዕድ ፊት ቆመን ስናመሰግን በሳሕናችን ካለው ውስጥ የጎረቤታችን ድርሻ አድሮበት እንደ ሆነ እናስብ። ሙለር ያስተማረን ምስጋና አፍ ብቻ የሚናገረው አይደለም፤ የተቀበለውን የሚጽፍ፣ ያልተቀበለውን በትዕግሥት የሚጠብቅ፣ በእጁ ያለውንም ሳያሳድር የሚያደርስ ነው። ነገ ጥዋት በትምህርት ቤታችን በር ስንገናኝ እንዴት አደርህ፣ እንዴት አደርሽ እንባባላለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን ብለንም እንመልሳለን። ያን ጊዜ ቃሉ ከአፋችን ሲወጣ እጃችንም አብሮት እንዲዘረጋ አምላካችን ይርዳን።